ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት፦ በክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ላይ የቀረበ ሒሳዊ ዳሰሳ

መነሻ

ወሎ የሰው ገላ መክሳትና መወፈር እንደ ተራ ነገር የማይታይበት ምድር ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ ያየ ወይም ካዩት ወላጆች የተወለደ ሰው፣ የወዳጁ ፊት ሞላ ብሎ ሲያገኘው «ተመስገን፣ አምሮብሃል» ይላል፤ ከስቶ ሲያገኘው ደግሞ «ምነው? አሞህ ነበር እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ አስተያየት ከባዶ የመነጨ አይደለም። ረኃብ፣ የሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪ በየተራ ሲመጡ በሰው ላይ የሚያሳዩት የጋራ ምልክት መክሳት ነበርና።

ይሁን እንጂ ዘመኑ ሌላ ችግርም ይዞ መጥቷል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን 8 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው በ2016 ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ደግሞ ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር። አገሪቱ ሁለቱንም ሸክም በአንድ ጊዜ ተሸክማለች ማለት ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረትን ተከትለው የሚመጡት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የጉልበት ሕመምና የመሳሰሉት ችግሮች በከተማ ሆስፒታሎች ብቻ ሳይወሰኑ በወረዳ ጤና ጣቢያዎችም መታየት ጀምረዋል።

በዚሁ ልክ ክብደትን ለመቀነስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ለኢትዮጵያዊ ታካሚ እንግዳ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። በዓረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ሲያደርጉት ይሰማል፤ ዘመድ ለዘመድ ፎቶግራፍ ይልካል፤ ወሬው ወልዲያና መርሳ ከዚያም ሐራ ይደርሳል። ወሬውን የሰማ ታካሚ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «እሞታለሁ ወይ?» የሚል ነው። የጤና ባለሙያው የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጭፍን ማስፈራሪያ ወይ ጭፍን ማበረታቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመስኩ ዋነኛ የረዥም ጊዜ ጥናት የሆነው የስዊድኑ ሥራ ይመረመራል፤ ከእርሱ በኋላ የወጡ ጥቂት ጥናቶችም ይታያሉ። በመጨረሻም ውጤታቸው በሐራ አካባቢ ለሚኖር ታካሚና እርሱን ለሚከታተል ጤና ባለሙያ ምን ትርጉም እንዳለው ይመዘናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የጥናት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስዊድኑ ጥናት ምን አሳየ?

የስዊድን ወፍራም ሰዎች ጥናት ተብሎ የሚታወቀው ሥራ በ1987 የተጀመረ ሲሆን ተሳታፊ መመዝገቡ እስከ 2001 ቀጥሏል። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 2010 ሰዎች፣ በዕድሜ፣ በክብደትና በሌሎች መመዘኛዎች ከእነርሱ ጋር ከተመሳሰሉ 2037 ሰዎች ጋር ተነጻጽረዋል። ዕድሜያቸው ከ37 እስከ 60 ዓመት ነበር። ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኘው መለኪያ፣ ማለትም ቢ.ኤም.አይ.፣ ለወንዶች ቢያንስ 34፣ ለሴቶች ቢያንስ 38 እንዲሆን ተወስኖ ነበር።

በ2007 የታተመው ዘገባ አማካይ የክትትል ጊዜው 11 ዓመት ገደማ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልተቀደዱት 129፣ ከተቀደዱት ደግሞ 101 ሰዎች ሞተዋል። ሌሎች ልዩነቶች ከግምት ገብተው ሲሰላ፣ ቀዶ ሕክምናው የመሞት አደጋን 29 በመቶ ያህል ቀንሷል። በክብደት ረገድ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የጨጓራ ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች ከመነሻ ክብደታቸው 25 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል። ጨጓራቸው በስቴፕል ተሰፍቶ መውጫው እንዲጠብ የተደረገላቸው 16 በመቶ፣ በቀበቶ የታሰረላቸው ደግሞ 14 በመቶ ቀንሰዋል። ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸው ሰዎች ክብደት ግን በዓመታቱ ሁሉ ከመነሻው በ2 በመቶ ገደማ ከመውጣትና ከመውረድ አላለፈም።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። ያልተቀደዱት ሰዎች በየአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ የተለመደውን ምክርና ሕክምና ያገኙ ነበር። በሀብታም አገር፣ በተደራጀ ጤና ጣቢያ የተሰጠው ምክር ክብደታቸውን ፈቀቅ ካላደረገው፣ «ብዙ አትብዪ፣ በእግርሽ ሂጂ» ብሎ ካርድ ላይ ፈርሞ ማሰናበት ሕክምና ተብሎ ሊጠራ አይችልም። ታካሚዋ ባትቀንስ ጥፋቱ የእርሷ ስንፍና ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

የስኳር በሽታን በሚመለከት በ2014 የታተመው ዘገባ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የስኳር በሽታ ከነበረባቸው ሰዎች መካከል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 72 በመቶ በሽታው ጠፍቶላቸው ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን ያለ በሽታው የተገኙት 30 በመቶ ብቻ ነበሩ። ባልተቀደዱት ዘንድ ቁጥሩ በሁለት ዓመት 16፣ በአሥራ አምስት ዓመት 7 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ከሌላው ሕክምና መብለጡ ሳያጠራጥር፣ ትርፉ ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሄዱም እውነት ነው። ያም ሆኖ የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትን የመሳሰሉት የስኳር መዘዞች በተቀደዱት ዘንድ በእኩሌታ ያህል አንሰው መገኘታቸው፣ በሽታው ቢመለስ እንኳ ያለፉት ደኅና ዓመታት ከንቱ እንዳልሆኑ ያመለክታል።

በ2020 የወጣው ዘገባ ደግሞ ጥያቄውን በዕድሜ ለካው። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ካልተደረገላቸው በ3 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ነበራቸው። ከጠቅላላው የስዊድን ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ግን አሁንም በ5 ዓመት ተኩል ያንሳሉ። ቀዶ ሕክምናው የታመመውን ሰው ይረዳል፤ ፈጽሞ እንዳልታመመ ሰው ግን አያደርገውም።

የጥናቱ ጥንካሬና ጉድለት

የስዊድኑ ጥናት ትልቁ ጥንካሬው ትዕግሥቱ ነው። በዚህ መስክ አብዛኛው ጽሑፍ በአንድና በሁለት ዓመት ውጤት ሲረካ፣ ይህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ሰዎችን ተከትሏል። ባይከተል ኖሮ የስኳር በሽታው 72 በመቶ መጥፋቱ እንጂ ወደ 30 መውረዱ ባልታወቀ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ላይ ቆሞ ድል የሚያውጅ ማንኛውም ዘገባ ወይም ማስታወቂያ በጥርጣሬ መነበብ አለበት የሚለው ትምህርት ከዚህ የሚገኝ ነው።

ጉድለቶቹም ግን ቀላል አይደሉም። አንደኛ፣ ሰዎቹ ወደ ሁለቱ ወገኖች የተመደቡት በዕጣ አልነበረም። በ1980ዎቹ የዚህ ቀዶ ሕክምና ሞት ከፍተኛ በመሆኑ የሥነ ምግባር ገምጋሚዎች የዕጣ አመዳደብን አልፈቀዱም። በመሆኑም ቀዶ ሕክምናን ራሳቸው የመረጡ ሰዎች፣ ካልመረጡት በተነሣሽነትም ሆነ በሌላ ባልተለካ ነገር ሊለዩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ከተቀደዱት ውስጥ ባይፓስ የተደረገላቸው 13 በመቶ ብቻ ናቸው። 68 በመቶዎቹ የተደረገላቸው ዛሬ የተተወው የስቴፕል ስፌት ነው። በአሁኑ ጊዜ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ስሊቭ፣ ማለትም የጨጓራውን 80 በመቶ ያህል ቆርጦ በማስወገድ ቀሪውን እንደ ጠባብ እጅጌ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና፣ በዚህ ጥናት ውስጥ የለም። ዛሬ ስሊቭ ሊደረግለት የሚያስብ ሰው የስዊድንን የሃያ ዓመት ውጤት እንደ ራሱ ውጤት አድርጎ እንዲያይ ማድረግ፣ የአንዱን መድኃኒት ውጤት በሌላው ብልቃጥ ላይ እንደ መለጠፍ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ ይከብዳል። ጥናቱ የተካሄደው እያንዳንዱ ሰው በመዝገብ በሚታወቅበት፣ 25 የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና 480 ጤና ጣቢያዎች በተባበሩበት፣ የደም ምርመራና ቫይታሚን በማይቋረጥበት አገር ነው። በዚያም ቢሆን ለምርመራ የሚመለሱት ሰዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ቀንሷል። የተለካው ነገር የቢላዋው ውጤት ብቻ አይደለም፤ ቢላዋውና ከኋላው የቆመው ሥርዓት በአንድነት ያስገኙት ውጤት ነው።

ከስዊድኑ በኋላ

በዕጣ የተመደቡ ጥናቶች እጥረት ከጊዜ በኋላ በከፊል ተሟልቷል። በአሜሪካ ስታምፒድ በተባለው ጥናት 150 የስኳር ሕሙማን በዕጣ ተመድበው ለአምስት ዓመት ተከታትለዋል። የሦስት ወር የስኳር መጠናቸው 6 በመቶና ከዚያ በታች ሆኖ የተገኘው በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 5፣ ስሊቭ ከተደረገላቸው 23፣ ባይፓስ ከተደረገላቸው 29 በመቶ ነበሩ። በፊንላንድ ስሊቭፓስ የተባለው ጥናት ደግሞ 240 ሰዎችን በሁለቱ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ከፍሎ፣ የአሥር ዓመት ውጤታቸውን በ2022 አውጥቷል። ስሊቭ የተደረገላቸው ከትርፍ ክብደታቸው 44፣ ባይፓስ የተደረገላቸው 51 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። ነገር ግን በኢንዶስኮፒ ሲታዩ የምግብ ቧንቧ ቁስለት በስሊቭ 31፣ በባይፓስ 7 በመቶ ነበር። ስሊቭ «ቀላሉ» ተብሎ ሲመከር፣ በቃር ለሚሠቃይ ታካሚ ይህ ልዩነት ሊነገረው ይገባል።

የተስፋፋው ማስረጃ መመሪያውንም ለውጧል። በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጉባኤ ቀዶ ሕክምናውን የፈቀደው ቢ.ኤም.አይ. 40 ለሆነ፣ ወይም ተጓዳኝ በሽታ ኖሮ 35 ለሆነ ሰው ነበር። በ2022 ሁለት የሙያ ማኅበራት ይህን አሻሽለው፣ 35 የሆነ ሰው ያለ ተጓዳኝ በሽታም፣ ከ30 እስከ 35 ያለ ሰው ደግሞ የስኳርና መሰል በሽታ ሲኖርበት እንዲታሰብለት መክረዋል። በሩ ሰፍቷል ማለት ነው። በሩ ሲሰፋ ግን ከበሩ ወዲያ ያለው ክትትልም አብሮ መስፋት ነበረበት።

አዳዲሶቹ መርፌዎችም ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደሉም። ሴማግሉታይድ በ2021 በታተመው ጥናት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 15 በመቶ ክብደት ቀንሷል። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ሰዎቹ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። በቢላዋም ሆነ በመርፌ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት የዕድሜ ልክ ሕመም እንጂ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚጣል ነገር አይደለም።

ፍርሃቱ ሲመረመር

ታካሚ ቀዶ ሕክምናን መፍራቱ አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ፍርሃቱ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም የየራሱ መልስ አለው።

የመጀመሪያው ከማደንዘዣ ሳይነቁ የመቅረት ፍርሃት ነው። በዚህ ረገድ ቁጥሩ የሚያጽናና ነው። በስዊድን በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ2010 ሰዎች 5 ነበሩ። በ2009 በአሜሪካ በወጣ የ4776 ታካሚዎች ጥናት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 0.3 በመቶ፣ ከባድ ችግር የገጠማቸው ደግሞ 4.3 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች ግን ብዙ በሠለጠኑ እጆች፣ በብዙ ልምድ የተገኙ ናቸው። በዓመት ጥቂት ብቻ በሚሠራ ቦታ እንደሚደገሙ አድርጎ ለታካሚ መንገር ተገቢ አይደለም። «እዚህ ስንት ሠርታችኋል? ከእነርሱስ ስንቱ ምን ሆኑ?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው፤ ጥያቄውንም ማስተማር የላኪው ባለሙያ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው «ተመልሼ ብወፍርስ?» የሚለው ነው። መልሱ፣ ከፊሉ ክብደት በብዙዎች ዘንድ ይመለሳል የሚል ነው። በስዊድኑ ጥናት ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 32 በመቶ ቀንሰው ነበር፤ በአሥረኛው ዓመት 25 ላይ ተገኙ። ይህ ውድቀት ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ግን ያፍራል፤ ያፈረ ታካሚ ከክትትል ይቀራል፤ ከክትትል የቀረ ደግሞ ከክብደቱ ይልቅ በቫይታሚን እጥረቱ ይጎዳል።

ሦስተኛው ፍርሃት ስም የሌለው ነው፤ ራስን የማጣት ፍርሃት ሊባል ይችላል። «እኔ ስለመሆኔ ማን ያውቀኛል? ሰው ቀላሉን መንገድ መረጠች ቢለኝስ?» የሚል ነው። የሕክምና ጽሑፎች ይህን ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ ማለፋቸው ግን በማስረጃ አይደገፍም። በስዊድኑ ጥናት ላይ በ2018 በወጣ ትንተና፣ ራስን የማጥፋት ወይም ራስን የመጉዳት አጋጣሚ በተቀደዱት 87፣ ባልተቀደዱት 49 ሰዎች ላይ ተመዝግቧል። በ2007 በአሜሪካ ዩታ በታተመ ጥናትም በበሽታ የሚመጣ ሞት በእጅጉ ቢቀንስም፣ በአደጋና ራስን በማጥፋት የደረሰው ሞት በ58 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። በ2012 የወጣ ሌላ ዘገባ በሁለተኛው ዓመት የአልኮል ሱስ ችግር ከ7.6 ወደ 9.6 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ገላው የቀለለ ሰው ሐሳቡም አብሮ ይቀልላል ብሎ መገመት አይቻልም።

እንግዲህ ጽሑፎቹ ከሁሉ በተሻለ የሚመልሱት የመጀመሪያውን ፍርሃት ነው። ሐኪሞችም የሚመልሱት እርሱኑ ነው። ታካሚው ግን ከሠላሳው ቀን ወዲያ ሃያ ዓመት ይኖራል።

በሐራ ሲመዘን

ሐራ በሰሜን ወሎ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። የዞኑ ከተማ ወልዲያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከአካባቢው ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። ለአብነት ያህል ከእነርሱ አንዷ፣ በምትሠራበት አገር ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላት ወደ ቤተ ሰቧ የተመለሰች እንደ ሆነች ይታሰብ። ቀዶ ሐኪሟ በሌላ አገር ነው። ወረቀቷ፣ ካለ፣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ሃያ ዓመቱን የሚከታተላት በአቅራቢያዋ ያለው ጤና ጣቢያ ነው።

ይህች ሴት በመጀመሪያው ዓመት በፍጥነት ትከሳለች። ጎረቤት «ምን ነካት?» ይላል፤ ዘመድ በሹክሹክታ ክፉ በሽታ ይጠረጥራል። በእንግድነት በሄደችበት ቤት ሁሉ «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ» ተብላ ጉርሻ ይቀርብላታል። ሩብ እንጀራ ሳትጨርስ የምትጠግብ ሰው ይህን ስትመልስ እንደ ኩራት ይቆጠርባታል። የማሽላና የጤፍ እንጀራ፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣው ቡናም ብረት ማዕድን በቀላሉ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ፤ ባይፓስ ደግሞ ብረት በዋናነት የሚመጠጥበትን የአንጀት ክፍል ይዘልለዋል። ክርስቲያን ከሆነች ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉ ጾም ነው፤ ቫይታሚን ቢ12 ከሚገኝበት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ትለያለች። ሙስሊም ከሆነች በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ አትጠጣም፤ ትንሿ ጨጓራዋ ግን የቀኑን ውኃ በማታ በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። የስዊድኑ ጥናት ስለ እነዚህ ነገሮች አንድም ቃል አይናገርም።

ከዚህ የሚከተለው «ቀዶ ሕክምናው ለእኛ ሰው አይሆንም» የሚል መደምደሚያ አይደለም። ስኳሯ ከቁጥጥር የወጣና ጉልበቷ የታሠረ ሴት ሳትታከም ስትቀር የሚደርስባት ጉዳት ያልተቀደዱት ስዊድናውያን ሞት የመሰከረው ነው። የሚከተለው መደምደሚያ፣ ውጤቱ ከሚወሰንባቸው ቦታዎች አንዱ የሐራው ጤና ጣቢያ ነው የሚል ነው።

የጤና ባለሙያው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ታካሚ ሲያጋጥም፣ በየትኛውም ደረጃ ያለ ባለሙያ የሚከተሉትን ማስታወስ ይኖርበታል።

አንደኛ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ታካሚ ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ በቶሎ ይጎድለዋል። ለዚህ ታካሚ ቲያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት የአንጎል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። አቅሉን የሳተ፣ ዓይኑ የሚዋልል ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ ከሆነ ደግሞ ቲያሚኑ ወዲያው በመርፌ ተሰጥቶ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ያለ ብዙ መሣሪያ የሰው አእምሮ የሚድንበት ቦታ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ባይፓስ በተደረገለት ሰው ላይ ድንገት የሚነሣ ወይም ምግብ ከተበላ በኋላ እየተመላለሰ የሚመጣ የሆድ ቁርጠት «ጨጓራ ነው» ተብሎ በኦሜፕራዞል ብቻ ሊሸኝ አይገባም። አንጀት በውስጥ ቀዳዳ ሾልኮ ሊታነቅ ይችላልና፣ ሳይዘገይ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል። ሆድ ሲዳሰስ ለስላሳ መሆኑም የሚያዘናጋ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻዎች ባይፓስ በተሠራበት መጋጠሚያ ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙ በመሆናቸው፣ ታካሚዋም የመድኃኒት ባለሙያውም ሊነገራቸው ይገባል። በአብዛኛው ፓራሲታሞል ይመረጣል።

አራተኛ፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑ ዕድሜ ልክ ነው። በ2016 የአሜሪካው የሙያ ማኅበር በሰጠው ምክር፣ የወር አበባ ለምታይ ሴት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት፣ ቢ12 በየቀኑ በአፍ ወይም በወር አንድ ጊዜ 1000 ማይክሮግራም በመርፌ፣ እንዲሁም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋሉ። በወር አንዴ የሚሰጠው የቢ12 መርፌ ለገጠር ታካሚ ይበልጥ ይስማማል፤ እንደ ሌላው የቀጠሮ መርፌ ሁሉ በካርድ ሊያዝ ይችላልና። ብረትና ካልሲየም በአንድ ሰዓት አይወሰዱም። ለደም ማነስ ምርመራ ሄሞግሎቢንን በየጊዜው ማየት በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚቻል ነው።

አምስተኛ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲዘገይ ይመከራል። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ ባይፓስ ደግሞ በአፍ የሚወሰደውን የእርግዝና መከላከያ አስተማማኝነት ይቀንሳል። በክንድ የሚቀበረው ወይም በማኅፀን የሚቀመጠው ይሻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለዚህ ምክር ከማንም ይልቅ ቅርብ ናት።

ስድስተኛ፣ ስለ ጾም የሚሰጠው ምክር ታካሚዋን ከእምነቷ የሚያጋጭ ሊሆን አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ውኃ መጠጣትና በቂ ፕሮቲን መውሰድ ግዴታ መሆኑ ተገልጦላት፣ ከንስሐ አባቷ ወይም ከሼኋ ጋር እንድትነጋገር ቢደረግ፣ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። ሽሮና ምስር ለጾመኛዋ ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ቢ12ን ግን አይተኩም።

ሰባተኛ፣ በየቀጠሮው ስለ ስሜቷ፣ ስለ እንቅልፏና ስለ መጠጥ መጠየቅ ከክብደት መለካት እኩል ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው አምስት ደቂቃና የተዘጋ በር ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

የስዊድኑ ጥናት ሁለት ነገሮችን አረጋግጧል። በእጅጉ ለወፈረ ሰው ቀዶ ሕክምና ዕድሜ ይጨምራል፤ ትርፉ ግን የሚለካው በመጀመሪያው ዓመት ፎቶግራፍ ሳይሆን በአሥራ አምስተኛውና በሃያኛው ዓመት ነው። ያልመለሰው ጥያቄ ደግሞ የስዊድን ክትትል በሌለበት ቦታ ይኸው ውጤት ይገኛል ወይ የሚለው ነው። በመሆኑም ታካሚ ወደ ቀዶ ሕክምና ከመላኩ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል፤ የሚቀድደው ማን ነው? ከዚያ በኋላ የሚከታተለውስ ማን ነው? የመጀመሪያው ብቻ ከተመለሰ ምክሩ ግማሽ ነው።

በውጭ አገርም ሆነ በአዲስ አበባ የሚቀድዱ ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ታካሚ፣ የተሠራው ቀዶ ሕክምና ዓይነት፣ የዕድሜ ልክ መድኃኒቶቹና የአደጋ ምልክቶቹ በአማርኛ የተጻፉበት አንድ ገጽ ቢሰጡ፣ ወጪው ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም። በሐራም ሆነ በሌላ ወረዳ ያለ ነርስ ወይም ጤና መኮንን፣ ታካሚዋ እያስመለሳት በሌሊት ስትመጣ ግሉኮሱን ከመስቀሉ በፊት የሚያነበው ያንን ወረቀት ይሆናል።